ጉርጥ በሆዱ ሲጠጣ በሚዛን ማሳየት

ጉርጥ ውሃ በአፉ አይጠጣም። በሆዱ ነው የሚጠጣው። ይህን ለተማሪ በቃል ብትነግሩት ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ግን ከልቡ አያምናችሁም። ሚዛን ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ሲያይ ነው "እንዴ!" የሚለው።

እኔ ድሬዳዋ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ አለው፤ ቢያንስ በሩ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ስለዚህ ይህን ሙከራ የማሠራው በቤት ዕቃ ነው። የኩሽና ሚዛን፣ ሳፋ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ንጹህ ነጠላ ጨርቅ፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃል። ጉርጡን ግቢው ራሱ ያቀርባል። መምህር ባትሆኑም ግድ የለም። ልጆች ካሏችሁ ወይም ነገሩ ብቻ ካጓጓችሁ በአንድ ቅዳሜ ትጨርሱታላችሁ።

መቼና የት

ጊዜው ክረምት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ጉርጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ድንጋይ ስር ተሸጉጦ ነው ሙቀቱን የሚያሳልፈው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ይወጣሉ። ከዚራ የመንገድ መብራት ስር ማታ ማታ ቁጭ ብለው፣ ከላይ የሚወድቀውን ነፍሳት ሲለቅሙ ታዩአቸዋላችሁ።

ለሙከራው ግን የማታውን ጉርጥ አልመርጥም። ሌሊቱን እርጥብ ቦታ ሲዞር አድሮ ሊሆን ስለሚችል ጠግቦ ይገኛል። እሱን ከማሳደድ ይልቅ ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ወደ መደበቂያው ሲመለስ ያዙት። የሮቶ ማስቀመጫው ስር፣ የአበባ ድስት ስር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ ፈልጉ። ደቻቱ አሸዋ ላይ ልጆች ይዞ መውረድ ግን አይሆንም። ወንዙ ደረቅ ይመስላል፣ ጋራው ላይ ከዘነበ ግን ደራሹ ሳይታሰብ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ለአንድ ጉርጥ ብሎ እዚያ የሚወርድ የለም።

ጉርጡ አዋቂና ደልደል ያለ ይሁን። ትንንሾቹ ቶሎ ስለሚደርቁ ተዋቸው።

አያያዝ

መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አለቅልቁት። ሳሙና፣ ቅባት፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ሎሽን እጃችሁ ላይ እንዳይቀር። ቆዳው ውሃ እንደሚያስገባው ሁሉ እነዚህንም ያስገባል። ከዚያ እጃችሁን አርጥባችሁ ከብብቱ በታች ያዙት።

በያዛችሁት ቅጽበት ይሸናል። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እናንተ ግን ደስ ይበላችሁ። ሽንቱ ንጹህ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ጉርጥ ፊኛውን እንደ ጀሪካን ይጠቀምበታል። ሲጠጣ ያጠራቅማል፣ ሲደርቅ ከዚያው መልሶ ወደ ደሙ ይስባል። አንዳንድ የበረሃ ዝርያዎች የክብደታቸውን ሲሶና ከዚያ በላይ የሚሆን ውሃ ፊኛቸው ውስጥ ይይዛሉ። ስለዚህ ሳይሸና ብትመዝኑት የምትመዝኑት ጉርጡን ከነጀሪካኑ ነው፤ በኋላ ሳፋው ውስጥ ቢሸና ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል። ካልሸና ሆዱን ከታች በጣት ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ጉርጥ የነካ እጅ ላይ ኪንታሮት ያወጣል የሚባለው ውሸት ነው። የሰው ኪንታሮት ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ያ ቫይረስ ደግሞ ጉርጥ ጋ የለም። መርዝ አለው የሚባለው ግን እውነት ነው። ከዓይኑ ኋላ ሁለት ያበጡ እጢዎች አሉት፣ ሲጨነቅ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ያወጣሉ። እጢዎቹን አትጫኑ፣ በያዛችሁበት እጅ ዓይናችሁን አትሹ፣ ሲጨርሱ ሁሉም ልጆች በሳሙና ይታጠቡ። ውሻችሁንም አርቁ።

ሚዛኑና ውሃው

ሚዛኑ ቢያንስ አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ይሁን። ታይዋን ገበያ ለወርቅና ለቅመም የሚሸጡት ትንንሾቹ የግራም አሥረኛ ያነባሉ፤ ከተገኘ እሱ ይሻላል። የአትክልት ቤት ሚዛን ግን እዚህ አይሠራም። ጉርጡ ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ ቀለል ያለ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፣ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ከዚያ ጉርጡን ውስጡ አድርጉ።

ስለ ድሬ ውሃ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ነገር እየጋገረ የሚያስቸግረን ከኖራ ድንጋይ ስር ስለሚወጣ ነው። ለዚህ ሙከራ ያ ችግር የለውም። የሚያሳስበው ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ዓርብ ጠዋት በሰፊ ሳፋ ቀድታችሁ ክፍቱን ተዉት፣ እስከ ቅዳሜ ይለቀዋል። የዝናብ ውሃ ካላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሳፋው ኦሞ ወይም በረኪና የነካው ከሆነ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። እንዲያውም ለጉርጡ ብቻ የሚሆን ዕቃ ቢኖር ጥሩ ነው፤ በኋላ ሊጥ የሚቦካበት ሳፋ መሆኑን እናት ከሰማች ሙከራው እዚያው ያበቃል።

ማስጠማት

ይህ ክፍል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሸናውን ጉርጥ መዝኑና ጻፉ። ለምሳሌ 60 ግራም ይሁን። ከዚያ ክዳኑ በተበሳ ደረቅ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ አስቀምጡት። ፀሐይ አይንካው፣ ቆርቆሮ ስርም አይሁን። በየሰዓቱ መዝኑ። ከመጀመሪያው ክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ፣ ማለትም 60 የነበረው 57 ሲሆን፣ አቁሙ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ምሳ ሳይደርስ እዚያ ትደርሳላችሁ።

ጉርጡን እንጎዳዋለን ወይ ብላችሁ አትጨነቁ። ብዙ የደረቅ አገር ጉርጦች የአካላቸውን ውሃ 40 በመቶ ያህል አጥተው ይተርፋሉ፤ ሰው አሥራ ምናምን በመቶ ላይ ይሞታል። 5 በመቶ ለጉርጥ የተራ ቀን ጉዳይ ነው። ቢሆንም ከ10 በመቶ አታሳልፉ። ለማየት የምንፈልገው ለመታየት 5 ይበቃዋል።

ማጠጣት

ሳፋው ውስጥ ውሃውን የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ጥልቀት ብቻ አድርጉ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር። ዋናው ነገር አፉና አፍንጫው ከውሃው በላይ መሆናቸው ነው። አለበለዚያ አንዱ ተማሪ "በአፉ ጠጥቶ ቢሆንስ?" ይላል፤ ልክም ነው።

አሁን ጉርጡን አስቀምጡትና ዝም ብላችሁ እዩ። ይህ ለእኔ ከሚዛኑም በላይ ደስ የሚለው ክፍል ነው። መጀመሪያ ሆዱን ውሃው ላይ ነካ አድርጎ ይቆያል። ውሃው ምን እንደሆነ እየመረመረ ነው። በሆዱ ቆዳ ጨው እንዳለና እንደሌለ ያውቃል። ከወደደው የኋላ እግሮቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ሆዱን መሬት ላይ ይለጥፋል፣ ጠፍጠፍ ይላል። አንገቱ ቀና እንዳለ ነው። አፉ አይንቀሳቀስም። ከጎን ብታዩት ሆዱ ዳር ያለው ቆዳ ሲረጥብና እርጥበቱ ወደ ላይ ሲሳብ ይታያል፤ ቆዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆች ውሃውን ወደ ጎኑ ይስባሉ።

በየ10 ደቂቃው አውጡት፣ ሆዱን በጨርቁ ሳትጫኑ አድርቁት፣ መዝኑት፣ መልሱት። ሳያደርቁ መመዘን አይቻልም፤ ቆዳው ላይ የተለጠፈው ውሃ ራሱ ግራም ይሆናል። 60 ግራም የሆነ ጉርጥ በግማሽ ሰዓት ሁለትና ሦስት ግራም ቢጨምር አትገረሙ። ቁጥሩን በግራፍ ካሠራችኋቸው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ እየለዘበ ሄዶ ይቆማል። እዚያ ላይ ጉርጡ ራሱ ሆዱን ከውሃው ያነሳል ወይም ሳፋውን መቧጠጥ ይጀምራል። ጠግቧል።

ለተጠራጣሪዎች አንድ ተጨማሪ አለ። ሌላ ቅዳሜ ውሃ ያለበትን ሳፋ ትታችሁ፣ ጨርቁን አርጥባችሁ ጨመቅ አድርጉና ጉርጡን እሱ ላይ አስቀምጡት። የሚላስ ውሃ የለም። ክብደቱ ግን ይጨምራል። እርጥብ አፈር ላይም እንደዚሁ ነው። ጓሮ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ሳይጠማ የሚከርመው በዚህ ነው።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው?

የጉርጥ ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ጀርባው ወፍራምና ሻካራ ነው። ከሆዱ በታች፣ በኋላ እግሮቹ መካከልና በጭኑ ውስጠኛ በኩል ያለው ግን ስስ ነው፣ ከስሩ ጥቃቅን የደም ስሮች ጥቅጥቅ ብለዋል። ጉርጡ ሲጠማ ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ደሙ ውስጥ ጨውና ሌሎች የሟሙ ነገሮች አሉ፤ የሳፋው ውሃ ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው። ውሃ የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ወገን ያልፋል። ኦስሞሲስ የሚባለው ይህ ነው።

ኦስሞሲስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ጉርጡ ውሃ ባገኘ ቁጥር እየተነፋ በሄደ ነበር። መጠኑን የሚቆጣጠር ሌላ ነገር አለ። ጉርጡ ሲደርቅ አንጎሉ ስር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ቫሶቶሲን የሚባል ሆርሞን ትለቃለች። ሆርሞኑ ሆዱ ቆዳ ላይ ሲደርስ፣ ሕዋሳቱ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ አኳፖሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ወደ ገጽ ይወጣሉ። እነዚህ ውሃን የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ናቸው። በብዛት ሲወጡ ውሃው ይጎርፋል። ጉርጡ ሲጠግብ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ቀዳዳዎቹም ወደ ውስጥ ይመለሳሉ። ግራፋችሁ የለዘበው ለዚህ ነው። ይኸው ሆርሞን ፊኛው ላይም ይሠራል፣ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ደም እንዲመለስ። ኩላሊቱንም ሽንት እንዲቀንስ ያዘዋል።

ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼን የሚያነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውም ይህ ሆርሞን አለው። የተሠራው ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ነው፣ የእኛ ከጉርጡ በአንዷ ብቻ ይለያል። ረመዳን ላይ ከሰዓት በኋላ ሽንት የሚጠቁረው ሆርሞኑ ኩላሊት ውስጥ ውሃውን እየመለሰ ስለሆነ ነው። እኛ በኩላሊታችን የምናደርገውን ጉርጥ በኩላሊቱም፣ በፊኛውም፣ በሆዱም ያደርገዋል።

ነገሩ የታወቀውም እንዲሁ በመመዘን ነው። ሮበርት ታውንሰን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ እንቁራሪቶች በቆዳቸው ውሃ እንደሚስቡ አሳየ። ዴሞንና ሙሲዶራ ብሎ ስም ያወጣላቸው ሁለት የዛፍ እንቁራሪቶች ነበሩት። ፍሪትዝ ብሩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 የፒቱታሪ ጭማቂ የወጋቸው እንቁራሪቶች ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ክብደታቸው እንደሚጨምር አየ። ቅዳሜ የምትሠሩት የእሱን ሙከራ ነው፣ መርፌው ሲቀር። አኳፖሪን ራሱ የተረጋገጠው በእንቁራሪት እንቁላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የፒተር አግሬ ቡድን የአንዲት አፍሪካዊት እንቁራሪት እንቁላል ፕሮቲኑን እንዲሠራ አደረገና የሟሟ ነገር የሚያንስበት ውሃ ውስጥ ከተተው። ፕሮቲኑ የሌለው እንቁላል ዝም አለ፣ ያለው አብጦ ፈነዳ። አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወሰደ።

ጨው

ጎረቤቴ እትዬ ጉርጥ ካዩ ጨው ይበትኑበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሸክላ ጨው ዕቃቸውን ይዘው በር ላይ ናቸው።

"እትዬ፣ እባክዎ ጨዉን ይተዉት።"

"አቦ ተወኝ አንተ! ቤቴ ሊገባ ነው እኮ።"

"ሊጠጣ ነው የመጣው። ቧንቧዎ ያንጠባጥባል።"

"አፉን ውሃው ላይ መች አደረገ?"

"በሆዱ ነው የሚጠጣው።"

"ታዲያ አፉ ምን ሊሠራለት ተፈጠረ?"

"ለትንኝ።"

ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡበት። ድሬ ላይ ትንኝ ቀልድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ውሃ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በ2014 ዓ.ም. እዚህ ወባ አስነስታለች። (ጉርጥ ወባ ያጠፋል እያልኩ አይደለም። ያገኘውን ይበላል፣ ጉንዳንና ጥንዚዛ ይበዛበታል።)

ጨው ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት በጉርጥ አትሞክሩ። ድንች ውሰዱ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቁረጡና መዝኑ። አንዱን ተራ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨው በሟሟበት ውስጥ ክተቱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዱ ጠጥሮ ከብዷል። የጨዉ ደግሞ ልፍስፍስ ብሎ ቀልሏል። ለጉርጥ ከዚህም ያነሰ ይበቃዋል። የእንቁራሪት ሕዋስ ላብራቶሪ ውስጥ ሳይጎዳ የሚቀመጥበት ፈሳሽ በሊትር 6.5 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ለሰው በደም ስር የሚሰጠው 9 ነው። ውጪው ከዚያ ሲጨውይ ውሃው ከጉርጡ ወደ ውጪ ይወጣል። ደረቅ ጨው እርጥብ ጀርባ ላይ ሲበተን ደግሞ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው፤ ውሃው ይወጣል፣ ጨው ይገባል፣ ቆዳውም ይቃጠላል።

እርግጥ ጨው የሚችል አለ። ደቡብ ምሥራቅ እስያ የባሕር ዳር ረግረግ ውስጥ የምትኖር ሸርጣን የምትበላ እንቁራሪት ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ደሟ ውስጥ አጠራቅማ ደሟን ታወፍራለች፣ ውሃው እንዳይወጣባት። የድሬ ጉርጥ ግን እሷ አይደለም።

እትዬ ቅዳሜ መጥተው ሚዛኑን አይተዋል። ጨዉን አልተዉም፣ ግን አሁን በጉርጡ ላይ ሳይሆን የበሩ ደፍ ላይ ነው የሚበትኑት። ይሠራል። ጉርጡ በሆዱ ነካ ያደርግና ይመለሳል።

ክብደቱ ካልጨመረ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሦስት ነው። ጉርጡ መጀመሪያውኑ አልተጠማም፤ ዝናብ የጣለበት ሌሊት ከሆነ ሌላ ቀን ሞክሩ። ወይም ሳፋው ውስጥ ሸንቷል፣ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ዝቅ ካለ እሱ ነው። ወይም ፈርቷል። በዙሪያው አርባ ልጅ እየጮኸ ማንም ተደላድሎ አይጠጣም። ሳፋውን በካርቶን ከልሉና አንድ ልጅ ብቻ ይይ።

ውሃው ብርድ ከሆነም ያዘግማል፤ ከፍሪጅ አታምጡ። ቀለም ውሃው ላይ ጨምረን ሆዱ ሲስበው እንይ የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋም። አይሆንም፣ ቀለሙንም ይጠጣዋል።

ሲያልቅ ማታውኑ ከተያዘበት ቦታ መልሱት፣ እዚያው ግቢ፣ እዚያው ድስት ስር። ከሐረማያ ወይም ከሐረር ጉርጥና እንቁራሪት አታስመጡ፣ ከዚህም አትውሰዱ። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ በእንቁራሪቶች ቆዳ ላይ ያድጋል። የሚገድለውም ይህንኑ የቆዳ ሥራ አበላሽቶ ነው፤ ጨው ከደማቸው ይጎድላል፣ ልባቸው ይቆማል። በእርጥብ ዕቃም ከቦታ ቦታ ይሄዳል። ሳፋውን በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የጉርጡን ውሃም እዚያው ቀን ድፉት፣ እስከ ነገ አይደር። ትንኟ ሳፋ ትወዳለች።